የሐረጎ ቁልቁለትና አዲሷ መኪናዬ

መኪናዋ ኮምቦልቻ ላይ ከጫናት ሎቤድ ስትወርድ አባዬ አጠገቤ ቆሞ ነበር። 77 ዓመቱ ነው። ወጣትነቱና ጉልምስናው ያለፈው መሪ ላይ ነው፤ ደሴ–አሰብ፣ በኤንትሬ የጭነት መኪና፣ ከነተሳቢው። 1990 ዓ.ም. ላይ ጦርነቱ የአሰብን መንገድ እስኪዘጋው ድረስ። መኪናዋን አንዴ ዞራት። ጎማዋን በጫማው ጫፍ መታ መታ አደረገ። ከዚያ በሚያመው ጉልበቱ ተንበርክኮ ሆዷን አየ።

«አንቺ ልጅ፣ ይቺ ከመሬት ስንት ነው የምትነሳው?»

«ሰው ሲጫንባት 12 ሴንቲ።»

«ማርሿስ የት አለ?»

«ማርሽ የላትም አባዬ። የኤሌክትሪክ ናት።»

አቧራውን ከሱሪው አራገፈና ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ። «አብሽሪ» አለኝ። ወሎ ውስጥ ይህ ቃል ለታመመ፣ ሐዘን ለደረሰበት፣ ዕቃው ለጠፋበት ሰው የሚባል ነው። አዲስ መኪና ለገዛ ሰው ሲባል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ይኸው ስምንት ወር ሆነኝ። በእነዚህ ስምንት ወራት መኪናዋ ላይ ያፈሰስኩት ብርና ጊዜ ሁሉ ለእነዚያ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ፍለጋ የወጣ ነው ብል አልዋሸሁም።

የምኖረው ደሴ ነው፣ ከጦሳ ተራራ ሥር። ሱቄ ግን ኮምቦልቻ ነው። ሴራሚክ፣ ቀለም፣ የቧንቧ ዕቃ እሸጣለሁ። ስለዚህ በሳምንት ስድስት ቀን ጠዋት ሐረጎን እወርዳለሁ፣ ማታ ሐረጎን እወጣለሁ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። በመካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህን የከፍታ ልዩነት ያዙልኝ፣ በኋላ እፈልገዋለሁ።

ፍጥነት የወደድኩት ከዝግታ የተነሳ ነው። ልጅ ሆኜ ትምህርት ሲዘጋ አባዬ አንዳንዴ ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ጋቢና ያስቀምጠኝ ነበር። ኤንትሬው ጭነቱን ይዞ ሐረጎን ሲወጣ ያቃስታል። ረዳቱ ታኮ ይዞ ከኋላ በእግሩ ይከተለናል። በእግሩ! አንዳንዴም ቀድሞን ሄዶ መታጠፊያው ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀናል። አንድ ቀን ባለ ሁለት በር ቀይ መኪና ሽው ብላ አለፈችን። ምን ዓይነት እንደነበረች እስከ ዛሬ አላውቅም። ድምፅዋ ግን ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። አፌን ከፍቼ ሳይ አባዬ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል «ስትወርድ ደግሞ እናያታለን» አለ። ያኔ አልገባኝም።

ገንዘብ መያዝ ስጀምር ዓይኔ ያረፈው ቶዮታ ጂቲ 86 ላይ ነበር። ቶዮታና ሱባሩ አብረው የሠሩት፣ ባለ ሁለት ሊትር ቦክሰር ሞተር፣ 200 የፈረስ ጉልበት። የሲሊንደሩ ስፋት 86 ሚሊ ሜትር፣ ፒስተኑ የሚመላለስበት ርቀትም 86 ሚሊ ሜትር። በዚህ ቁጥር ብቻ ፍቅር የሚይዘው ሰው አለ፤ አንዷ እኔ ነኝ። በፈረንጆቹ 2012 ገበያ የወጣው መኪና በእኛ 2012 ሞተብኝ። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጁ መጣ። ከ1,800 ሲሲ በላይ የሆነ አዲስ አውቶሞቢል ላይ 100 በመቶ። አሮጌውን ላምጣ ብትሉ ደግሞ ሰባት ዓመት ያለፈው እስከ 500 በመቶ። ግድ የለም እቆጥባለሁ አልኩ። ስቆጥብ ጥር 2016 ደረሰና ከኤሌክትሪክ በስተቀር አውቶሞቢል አገር አይገባም ተባለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። አንድ ሕልም ሦስት ጊዜ ሲቀበር ሰልስቱ ራሱ ይሰለቻል።

ስለዚህ ኤሌክትሪክ መኪና የገዛሁት ወድጄ አይደለም። ሐሳቤን የለወጠው አንድ ሒሳብ ነው።

ደሴ ላይ አየሩ ስስ ነው። ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ቢሆን ነው። አየር ጨምቆ የሚያስገባለት ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር የሚተነፍሰው ያንኑ ስስ አየር ስለሆነ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን እዚህ አያገኘውም። ያ 200 ፈረስ ያልኩት ጂቲ 86 አሰብ ወደብ ላይ 200 ነው። ደሴ ፒያሳ ላይ 150 ገደማ ነው። ሐረጎን የሚወጡ ቪትዞች ኤሲ አጥፍተው፣ መስኮት ከፍተው የሚያጣጥሩት ለዚህ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አይተነፍስም። ጅቡቲ ወደብ ላይም ጦሳ አናት ላይም ጉልበቱ ያው ነው። እንዲያውም አየሩ ሲሳሳ የሚገታት ነፋስ ስለሚቀንስ ትንሽ ትጠቀማለች። ይህን ወረቀት ላይ ደምሬ ቀንሼ ስጨርስ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነበር። ሲነጋ አዲስ አበባ ደወልኩ።

የገዛኋት የቻይናው ቢዋይዲ የሠራት «ሲል» የምትባለዋን ናት። ሁለት ሞተር ያላት፣ አራቱም ጎማ የሚጎትተው። 390 ኪሎዋት፣ በፈረስ 530 ገደማ። ከቆመችበት ተነስታ 100 ለመድረስ 3.8 ሰከንድ። ባትሪዋ 82.5 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል። ክብደቷ ከ2,100 ኪሎ በላይ ነው። ስክሪኗ በቻይንኛ ነበር የመጣው፤ የመጀመሪያውን ወር በቀለምና በሥዕል እየገመትኩ ነው የነዳሁት። አንድ ቀን የሬዲዮ ድምፅ ልቀንስ ብዬ ወንበሩን አሞቅኩት።

የአክስቴ ልጅ አራት በሯን ቆጥሮ «ይቺማ የቤት መኪና ናት» አለኝ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ወደ ሐርቡ በሚወስደው መንገድ፣ ከፊትም ከኋላም ማንም በሌለበት ቀጥታ ላይ ረገጥኳት። ጭኑ ላይ ቆሎ በላስቲክ ይዞ ነበር። እስከ ዛሬ ከወንበሩ ሐዲድ ውስጥ ሽምብራ እለቅማለሁ። የቤት መኪና የምትለዋን ቃል ከዚያ በኋላ ከአፉ አልሰማሁም።

ዋጋዋን አልጽፍም። እማዬም ይህን ታነባለች።

መጀመሪያ የተሻሻለችው መኪናዋ ሳትሆን ቤታችን ናት። ቻርጀሩን ሶኬት ላይ ስሰካው ቀይ መብራት አብርቶ እምቢ አለ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው መጥቶ ለካና «ቤቱ ኧርዝ የለውም» አለን። ቤቱ አያቴ የሠራው ነው፤ ያኔ ያፈተለከ መብራት ወደ መሬት የሚያወርደውን ኧርዝን ማን ያውቀዋል። ግቢው ውስጥ ከኮኩ ዛፍ አጠገብ ጉድጓድ ተቆፈረ። የመዳብ ዘንግ ተቀበረ። እርጥበት እንዲይዝ ዙሪያው በከሰልና በጨው ተሞላ። እማዬ ያ ሁሉ ጨው አፈር ውስጥ ሲገባ እያየች ዝም አለች። ቀዩ መብራት አረንጓዴ ሆነ። ከሁለት ወር በኋላ የኮኩ ቅጠል ቢጫ ሆነ። እሱ አሁንም ይነሳብኛል።

ከተራ ሶኬት ከሆነ ሁለት ኪሎዋት ገደማ ነው የሚመጣው። ባዶውን ባትሪ ለመሙላት 40 ሰዓት። ስለዚህ ሰባት ኪሎዋት የሚሰጠው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ በእሱ አንድ ሌሊት ይበቃል፣ መብራት ካልሄደ። አሁን ችግሩ ምጣድ ሆነ። ምጣዱና መኪናዋ አንድ ላይ ሲሆኑ ብሬከሩ ይወርዳል። ማክሰኞና ቅዳሜ የእንጀራ ቀን ነው። ማክሰኞና ቅዳሜ መኪናዋ ወረፋ ትጠብቃለች። 530 ፈረስ ከአንድ ምጣድ ኋላ ተሰልፎ ሲጠብቅ ማየት ደስ ይላል።

አሁን ወደ ሐረጎ ልውሰዳችሁ።

የግድግዳው ቻርጀር በተሰቀለ ማግስት ነው። ጠዋት ስነሳ ስክሪኑ ላይ 100 ይላል። ሙሉ 100 ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ ፎቶ ሁሉ አነሳሁት። አባዬ ኮምቦልቻ የሚጠይቀው ሰው ስለነበረው አብሮኝ ወጣ። ጉም ነበር። ሐረጎ በክረምት እንዴት እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ከፊት ያለውን ሲኖ የምታየው በፍሬን መብራቱ ብቻ ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና እግርህን ከፔዳሉ ስታነሳ ሞተሩ ተገልብጦ ጄኔሬተር ይሆናል። ጎማው ያዞረዋል፣ እሱ መብራት ያመነጫል፣ መኪናዋም እየተገታች ትሄዳለች። ለቁልቁለት ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። አንድ ነገር ብቻ ይፈልጋል። የመነጨው መብራት የሚገባበት ቦታ። ባትሪው ጢም ብሎ ከሞላ ግን የት ይግባ?

እግሬን አነሳሁ። መኪናዋ እንደ ወትሮው አልተገታችም። እንዲያው ትንሸራተታለች። ፍሬን ያዝኩ። መታጠፊያ፤ ፍሬን። ሲኖ፤ ፍሬን። ጉሙ ገለጥ ሲል አፈጥናለሁ፣ መልሼ እይዛለሁ። እውነቱን ለመናገር አባዬ ፊት መጎረር አምሮኝ ነበር።

«የፍሬን ሸራ ሸተተኝ» አለ።

«የኛ አይደለም፤ የሲኖው ነው።»

ሲኖውን አለፍነው። ሽታው አብሮን መጣ። ቀጥሎ ያለው መታጠፊያ ላይ ፍሬኑን ስረግጥ ፔዳሉ ከለመድኩት ትንሽ ወረድ ብሎ ያዘ። ያቺን «ትንሽ» እግሬ እስከ ዛሬ ያስታውሳታል። መንገዱ ሰፋ ያለበት ስደርስ ዳር ይዤ ቆምኩ። ከፊት ቸርኬው መካከል ቀጭን ጭስ ይወጣል፣ ልክ ከጀበና አፍ እንደሚወጣው።

ውሃ ላፈስበት ፕላስቲኩን ሳነሳ አባዬ እጄን ያዘኝ። «የጋለ ብረት ላይ? ይሰነጠቅብሻል።» ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆየን። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«ሐረጎን በሁለተኛ ከወጣሽው በሁለተኛ ትወርጂዋለሽ» አለኝ። «ፍሬን ለመቆም ነው። ለመውረድ አይደለም። የሚያወርድሽ ማርሽ ነው።» ይህን ለስንት ረዳት እንደነገረ አላውቅም። እኔ ማርሽ የላትም፣ ማርሿ ባትሪው ነው፣ ባትሪው ደግሞ ሞልቶ እምቢ ብሎ ነው ብዬ አስረዳሁት። መብራቱ ወደ ኋላ እንዴት እንደሚመለስ በእጄ እያሳየሁ። ትንሽ አሰበ።

«ሮቶው ሞልቶ ነዋ!»

«አዎ።»

«ታዲያ ጎድሎ ይውረድ፣ ታች ይሞላ።»

በቃ። ከገዛኋት ቀን ጀምሮ ያነበብኩት ሁሉ እዚያ ድንጋይ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር አለቀ።

በኋላ ሒሳቡን ሠራሁት። መኪናዋ፣ እኔና አባዬ አንድ ላይ 2,300 ኪሎ ያህል እንሆናለን። ከደሴ ኮምቦልቻ 650 ሜትር ወደ ታች። ይህ ወደ 4 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ኃይል ነው፤ የእማዬ ምጣድ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳይጠፋ ቢሠራ የሚበላው። ከዚያ ውስጥ የተወሰነውን ጎማውና ነፋሱ ይወስዱታል። የቀረው ባትሪ ካልገባ አራት የፍሬን ዲስክ ላይ ይጋገራል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ መኪናዋ የምትችለውን አድርጋለች።

አሁን ቤት የምሞላው እስከ 80 ነው። የሷ ዓይነት ባትሪ፣ ኤልኤፍፒ የሚባለው፣ ቆጣሪው እንዳይሳሳት በሳምንት አንዴ ያህል እስከ 100 ቢሞላ ይመከራል። ያቺን አንዷን የምሞላው ኮምቦልቻ ሱቄ በር ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ዳገት ነው፣ ሮቶው እየጎደለ ነው የሚሄደው። በ80 ከደሴ ወርጄ ኮምቦልቻ 80 ወይም 81 ይዤ እገባለሁ። ስመለስ 8 በመቶ ያህል ይበላል። 81 የምትለዋን ባየሁ ቁጥር ከሐረጎ አንድ ስኒ ቡና ተቀብዬ የመጣሁ ይመስለኛል።

ያም ሆኖ ፍሬኑን ሳልነካው አልቀረሁም። አንድ ቀን መብራቱ እንደገና እምቢ ቢል? መጀመሪያ የፍሬን ዘይቱን ቀየርኩ። ይህን ሁላችሁም አድርጉት፣ ቪትዝም ያላችሁ። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን የሚጠበቅበት 155 ብቻ ነው። ሲፈላ ቱቦው ውስጥ አረፋ ይሆናል። አረፋ ደግሞ ሲጫኑት ይጨመቃል፤ ፔዳሉ የሚወርደው ያኔ ነው። እኔ ዶት 5.1 አስገባሁ፤ እሱ 260 እና 180 ነው። ደሴ ደግሞ እርጥበት በነፃ የሚታደልበት አገር ስለሆነ በየዓመቱ ሰኔ ሳይገባ ይቀየራል ብዬ ስልኬ ላይ ጽፌያለሁ።

ሸራው ላይ ግን ተሞኘሁ። አዲስ አበባ አንድ ሱቅ «ለውድድር የሚሆን» ብሎ ሸጠልኝ። እውነት ነው፣ ለውድድር ነው። የውድድር ሸራ ካልጋለ አይነክስም። የኅዳር ጠዋት፣ ደሴ፣ ሣሩ ላይ አመዳይ እያለ፣ አደባባዩ ጋ ስደርስ የተረገጠው ፍሬን የተኛ በሬ ሆነብኝ። አደባባዩን በቢስሚላህ ነው ያለፍኩት። በሳምንቱ አስወጣሁትና መካከለኛውን አስገባሁ። በብርዱም የሚይዝ፣ ሙቀትም የሚችል፣ ስሙ የማያስጎርር።

አዲስ ሸራ ከዲስኩ ጋር መላመድ አለበት። ከ80 እስከ 20 ፍጥነት ታወርዳላችሁ፣ ሳትቆሙ፣ እንደገና ታነሳላችሁ፤ አሥር ጊዜ ያህል። ከዚያ ፍሬን ሳትይዙ እየነዳችሁ ታቀዘቅዙታላችሁ። ይህን ሳደርግ አንድ አባት አህያቸውን አቁመው ያዩኝ ነበር። ከፍ፣ ዝቅ፣ ከፍ፣ ዝቅ። ዞሬ ስመለስ እጃቸውን አነሱ። ቆምኩ። «ልጄ፣ መኪናዋ ታመመች እንዴ?» አሉኝ። አይ አባቴ፣ እያለማመድኳት ነው አልኳቸው። አህያቸውን አዩ፣ መኪናዋን አዩ። «አዎ፣ መጀመሪያ ይከብዳቸዋል» አሉ።

የቀረው የአባዬ የመጀመሪያ ጥያቄ ነው። 12 ሴንቲ።

በመላው ዓለም የስፖርት መኪና የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ዝቅ ማድረግ ነው። ሞላ ያስቆርጣል፣ አጭር ሞላ ያስገባል፣ ጎማና ጭቃ መከላከያው መካከል ጣት እንዳይገባ ያደርጋል። እኔ ግን ከሎቤዱ ላይ ስትወርድ ነው ትምህርቴን የወሰድኩት። መወጣጫው ላይ አፍንጫዋ ቀድሞ ደረሰ። ድምፁን ልጽፈው አልችልም። ከፓራውልቱ ሥር መዳፌን የሚያህል ጭረት፣ ገና 40 ኪሎ ሜትር ያልሄደች መኪና ላይ። በዚያ ላይ የቤታችን መግቢያ ኮብል ነው፣ ዝናቡ አንዱን ድንጋይ አንስቶ ሌላውን አስምጦታል። የደሴ ፍጥነት መቀነሻዎች ደግሞ ፍጥነት አይቀንሱም፣ ያስቆማሉ። ስለዚህ የእኔ ማሻሻያ ወደ ላይ ነው።

መጀመሪያ ቸርኬዋን ከ19 ወደ 18 ኢንች አወርዳለሁ፣ ወፍራም ጎማ አጫማታለሁ አልኩ። ያገለገሉ 18ቶች ገዛሁ። ቀዳዳቸው ልክ ነው። ስንገጥመው የፊቱ ቸርኬ ሆድ ፍሬኑን ነካ። ጎሚስታው በእጁ ሊያዞረው ሞከረ፤ ቂጭ አለ። አራቱን ተሸክሜ ተመለስኩ። አሁን ሱቄ ጓሮ የቀለም ባልዲ ተደርድሮባቸዋል።

መፍትሔው ሌላ ሰው እግር ላይ ነበር። ሶንግ ፕላስ የምትባለውን ታውቋታላችሁ፣ አሁን በየመንገዱ ያለችው። የሷ ጎማ 235/50 ባለ 19 ነው። የእኔዋ 235/45 ባለ 19። ስፋታቸው አንድ፣ ቸርኬያቸው አንድ፣ የጎማው ግድግዳ ብቻ ከ10.6 ወደ 11.8 ሴንቲ ያድጋል። በአንድ ጊዜ 1.2 ሴንቲ ከፍታ፤ ድንጋይ ሲመታትም ከቸርኬው በፊት የሚቀበል ጎማ። ሶንግ ስለበዛ ጎማውም አይጠፋም። ጉዳቱ ጎማው ሲተልቅ ፍጥነት ቆጣሪው ማነሱ ነው። ድሮ 100 የሚለው ላይ አሁን በሦስት ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ትራፊክ ፖሊስ ይህን ሒሳብ አይሰማም፣ እኔው ማስታወስ አለብኝ።

የቀረውን ከአሞርዛቶሩ አናት ላይ በሚቀመጥ ቀለበት ላነሳው አሰብኩ። ቶርኖ ቤት ሄጄ ከአልሙኒየም 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት አስቆረጥኩ። ሁለት ሴንቲ ካስገባሁ ሁለት ሴንቲ ትነሳለች፣ አይደል? አይደለም። የፊቷ አሞርዛቶር ጎማው ላይ አይደለም የታሰረው፣ ጎማውን የሚይዘው ክንድ መካከል ላይ ነው። ክንዱን መካከሉ ላይ ትንሽ ስትገፋው ጫፉ ብዙ ይሄዳል። በር በማጠፊያው በኩል ስትገፉት ጫፉ እንደሚወረወረው። ከክሪክ ስናወርዳት አፍንጫዋ ከሦስት ሴንቲ በላይ ተነስቷል። ኋላዋ ባለበት ነው። ሊዘል የተዘጋጀ ጓጉንቸር! ረዳቱ ልጅ ሳቁን ለመደበቅ መኪናው ሥር ገባ።

ቀለበቶቹ ወደ ቶርኖ ቤት ተመለሱ፤ 12 ሚሊ ሜትር እስኪቀሩ ተላጡ። ለኋላውም በልኩ ተሠራ። ከዚያ መሪውን እስከ መጨረሻው ወዲህም ወዲያም አዙረን ጎማው የውስጡን ላስቲክ እንደማይነካ አየን። አላይመንት ተሠራ፤ ከፍታ ሲቀየር ጎማዎቹ እርስ በርስ መተያየታቸው ስለሚዛባ ያለሱ አዲሱ ጎማ በሦስት ወር ያልቃል። የፊት መብራቱም ወደ ታች ተስተካከለ። ይህን ሰው ይረሳል፣ ከዚያ ሐረጎ ላይ የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ያጠፋል። ከአፍንጫዋ ሥር ባለ ሦስት ሚሊ አልሙኒየም ላሜራ በነበረው ቀዳዳ በቡሎን ብቻ ታሰረ። መሰርሰሪያ የለም፣ ብየዳ ጭራሽ የለም። ቀለሟን አልነካሁም፣ ሊብሬው ላይ የተጻፈ ነው።

ከዚህ ሁሉ በጣም ያስደነገጠኝ ግን ጎማ ሲቀየር ነው። ጎሚስታው ጎበዝ ልጅ ነው። ክሪኩን አምጥቶ እንደለመደው ወደ ውስጥ ሰደደው። ጎንበስ ስል የክሪኩ አናት የባትሪው ሆድ ላይ ሊያርፍ አንድ ጣት ቀርቶታል። ጩኸቴን ሰኞ ገበያ ድረስ ሳይሰሙት አልቀሩም። የዚች መኪና ወለል ባትሪ ነው። ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ፣ ሙሉው። ክሪክ የሚቀመጥበት ጠርዙ ላይ ምልክት የተደረገባቸው አራት ቦታዎች ብቻ አሉ። ከአሮጌ የሲኖ ጎማ የሻይ ስኒ ማስቀመጫ የሚያካክሉ አራት ላስቲኮች አስቆርጬ ኮፈኑ ሥር አስቀምጫለሁ። ጎሚስታ ቤት ስደርስ ከሰላምታ በፊት የማወጣው እነሱን ነው።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ድምፅ ነው። እንደ ቤንዚን ሞተር የሚያጓራ ስፒከር አስገቢላት የሚሉኝ አሉ። ለምን? ገበያ ውስጥ ከአህያ ኋላ ድምፅዋ ማነሱ ያስቸግራል፣ አልክድም፤ ግን ለእሱ ጡሩምባ አለ። ሐረጎን በጸጥታ ስወጣ መስኮቱን ዝቅ አድርጌ አምባሰል ቅኝት እሰማለሁ። አገሩ ከዚያው ማዶ ነው።

ባለፈው ሳምንት አባዬ እንደገና ተንበረከከ። በዚያው ጉልበቱ። ጡጫውን ጨብጦ ከላሜራው ሥር አስገባ፣ በላዩ ላይ ሌላኛውን ጡጫ ሞከረ። አንድ ተኩል ጡጫ ገባ። በሜትሬ ስለካው 15 ሴንቲ ነው። «ለኤንትሬ ውርደት ነው» አለ፣ ግን ውርደቱ ፊቱ ላይ አልነበረም።

አሁን ከፊት በግራ በኩል ኮብል ላይ ስትሄድ ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ ጀምራለች። መካኒኩ ቀለበቱ ነው ይላል። አባዬ ጆሮውን በሩ ላይ አድርጎ ሁለቴ ካስወዘወዛት በኋላ ላስቲኩ፣ ጎሚኒው ነው ብሏል። ቡና እስኪያልቅ ተከራከሩ፣ አልተስማሙም። ሰኞ ትፈታለች። ክሪኩን የማስቀምጠው እኔ ነኝ ብሏል አባዬ።